ለኦርጋኔ ሲቃኝ የኖረ ጊታር

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የሰጠኝ የሳል ሽሮፕ የሚያከፋፍለው ሰውዬ ነው። በየገጹ ራስጌ አንዲት ሴትዮ ጉሮሮዋን ይዛ ትስቃለች፤ ምን እንደሚያስቃት እንጃ። ሦስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ከርሞ ዛሬ ያወጣሁት የቀረጻ መዝገብ እንዲሆነኝ ነው። ምን ቀዳን፣ በየትኛው ማይክ፣ ስንተኛው ሙከራ ተሳካ። ሌላ ወሬ አላበዛበትም።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሁለት ጊታር፣ ሲሞቅ ከምድጃ የማይተናነስ አሮጌ አምፕሊፋየር፣ አንዲት ሻንጣ። አምፕሊፋየሩን ከታክሲው ላወርድለት ብል «ተይ፣ ወገብሽን ትቀጪና በኔ ይሳበባል» ብሎ ራሱ ተሸከመው። ደረጃው ላይ ሁለቴ አሳረፈው። ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። በስልክ «ትንሽ ትንሽ» ነበር ያለኝ፤ ትንሽ አይደለም።

የምንቀዳው ዘጠኝ ዜማ ነው፤ ሁሉም የእሱ። ባንዳችን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በየሆቴሉ ሲጫወት አንዲት ካሴት እንኳ አላስቀረም። ነገ፣ ነገ እያልን። አሁን ሐኪሙ «ክኒኑ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም» ብሎታል። በምሠራበት መድኃኒት ቤት ይህን ክኒን ከመደርደሪያ እያወረድኩ ለሰው የምሰጠው እኔ ስለሆንኩ ሐኪሙ ባይለኝም አውቀው ነበር። ዝናቡ ሳያባራ እንጨርሳለን።

ረቡዕ 5

ጠዋት ኦርጋኑን አስነሣሁት። እንደ ድሮው ነው፤ አንደኛውን ማብሪያ ተጭኖ እስከ ስምንት መቁጠር፣ ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ ሁለተኛውን መጫን። በዓመት አንዴ የማጠጣውን ቀጭን ዘይት ትናንት አጠጥቼው ስለነበር ሳያንቋርር ተነሣ። አንጀቴ ራሰ።

የዚህን ኦርጋን ነገር የሚያውቅ ሰው እያነሰ ስለሄደ ልጻፈው። ውስጡ ጥርስ ጥርስ ያላቸው ትናንሽ የብረት ጎማዎች አሉት። አንድ ሞተር ሁሉንም ያሽከረክራል፤ እያንዳንዱ ጎማ የየራሱን ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ የሚቃኝ ነገር የለውም። ጊታር ይቃኛል፣ ዘፋኝ ይለመናል፣ ኦርጋን ግን ባለበት ነው፤ ሌላው ወደ እሱ ይመጣል። የባንዱ ልጆች «ዳኛ» ያሉኝ በዚህ ነበር። ጋሼ እስከ ዛሬ በስሜ አይጠራኝም። ጊታሩን ባነሣ ቁጥር «ዳኛ፣ እስቲ ‹ላ› ስጪኝ» ይላል። እሰጠዋለሁ፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ክሩን እስኪገጥም ያጠብቃል።

ቀኑን ሙሉ ስናባርር የዋልነው «እምምም» የሚል ድምፅ ነበር። አምፕሊፋየሩን አዞርነው፣ ኬብል ቀያየርን፣ የሳሎኑን አምፖል አጠፋን። በመጨረሻ ጥፋተኛው ፍሪጁ ሆኖ ተገኘ። ነቀልኩት። መልሼ መሰካቱን ረስቼ ወተቱ ተበላሸ። ጋሼ ወተቱን እያሸተተ «ለጥበብ የተሠዋ» አለ።

ቅዳሜ 8

አምፕሊፋየሩ መታጠቢያ ቤት ገባ፤ ፊት ለፊቱ ማይክ። «ወፍጮ» የምንለው የኔ የሚሽከረከረው ስፒከር ወጥ ቤት ገባ። የተረፈው ፍራሽ መስኮቱ ላይ ቆመ። እኛ ሳሎን፣ በጆሮ ማዳመጫ። ሰው ቢያየን ቤት እየለቀቅን ነው ይላል።

የመጀመሪያዋን ዜማ አሥራ አራት ጊዜ አስደገምኩት። ሰባተኛው ላይ «ይቺ አትበቃም?» አለኝ። «ትበቃለች፣ ግን አትጥምም» አልኩት። ከዚያ በኋላ እጁ እየባሰበት ሄደ። አሥራ አራተኛው ላይ የጊታር መምቻዋ ከጣቱ አምልጣ ሶፋ ሥር ገባች። ሁለታችንም ተንበርክከን ስንፈልግ ሣቅን። እሱ ቶሎ ሣቁን አቆመ።

ሰባተኛው ጥሩ ነበር መሰለኝ። አጥፍቼዋለሁ። የማይረባ ሙከራ ማስቀመጥ አልወድም፤ ድሮም እንዲህ ነኝ።

ማክሰኞ 11

የመድኃኒት ቤቱ ወረፋ እስከ በር። አንዱ «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ አምስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ በአምስተኛው ጮህኩበት። የማይኩ ኬብል ተበጥሷል። አልቀዳንም። ጋሼ ዳቦ ገዝቶ ጠበቀኝ።

ሐሙስ 13

ለካ ይህን ሁሉ ቀን በኪሱ ይዞ የሚዞረው ወረቀት ነበር። የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጊታር አስተማሪ እንዲሆን ጠይቆታል። እጁን ነግሯቸዋል። «የሚጫወቱት ልጆቹ ናቸው፤ እኛ የምንፈልገው ጆሮዎን ነው» ብለውታል። ከትምህርት ቤቱ በላይ ማደሪያ ክፍል አለው። መልሱን በሚመጣው ወር እስከ አሥራ አምስት ይጠብቃሉ፤ በፊርማ፣ በወረቀት።

ወረቀቱን ለኔ ሲያነብልኝ ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ። «ሥራ እኮ ነው ዳኛ! በስተርጅና!»

ጥሩ ነው። ደስ ይላል። እኔ ያልኩት ስለ ደረጃው ብቻ ነው። ማደሪያው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ በዚያ ላይ ከተማው ብርዳም ነው ይባላል። ክኒኑንስ ማን ያስታውሰዋል? ይህን ማለት ክፋት አይደለም። «እስቲ አስብበት» አልኩት። «ምኑን?» አለኝ።

ሁለት ሰው በቤት ሲኖር ዳቦ አይደርቅም። ይህን ዛሬ ነው ያስተዋልኩት።

እሑድ 16

ከማለዳው ጀምሮ መብራት የለም። እኔ ቀኑ ከሰረ ብዬ ልብስ ላጥብ ተነሣሁ። ጋሼ ግን ከግንቡ ወዲያ ያለውን አናጺ ጠራው። አናጺው ጄኔሬተር አለው፤ እሑድ ስለሆነ መጋዙ ቆሟል። «ዝም ብላችሁ ከምትቀመጡ ላስነሣላችሁ፤ ብቻ አንዷን እኔም ልስማ» ብሎ ረጅም ኬብል በግንቡ ላይ ወረወረልን።

ጋሼ «ላ» ጠየቀ፣ ሰጠሁት፣ ተቃኘ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት አድርጌ ልጻፈው? እጁ ረጋ። ክኒኑ ይሁን፣ ዝናቡ ይሁን፣ ፍሪጅ እንኳ የማይተነፍስበት ጸጥታው ይሁን አላውቅም። ሰባት ዜማ በአንድ መቀመጫ ተጫወተ። አንዱንም አላስደገምኩትም። አምስተኛዋን፣ እናታችን ስትሞት የሠራትን፣ ሲጫወት ዓይኔን ማይኩ ላይ ተክዬ ነው የጨረስኩት፤ ባየው ኖሮ እዚያው አለቅስ ነበር። አናጺው አገጩን ግንቡ ላይ አስደግፎ በዝናብ ሲሰማ ቆይቶ «እትዬ፣ ይሄን የመሰለ ሰው የት ደብቀሽ ነው የኖርሽው?» አለኝ።

የኔ ግን አስጠላኝ። አራተኛው ላይ ጣቴ ሳተ፣ ስድስተኛው ላይ ቸኮልኩ። ወደ ማታ የራሴን ሰባቱንም አጠፋሁ። የእሱ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጥ። የኔ ምን ችግር አለው፤ መብራት ሲረጋ ቀስ ብዬ እደግመዋለሁ።

ረቡዕ 19

መብራት መጥቷል። ከሥራ መልስ ኦርጋኑን አስነሥቼ ከጋሼ ጊታር ጋር ልጫወት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ቁልፍ ላይ ጥርሴን አሳከከኝ። አይገጥምም። የግማሽ ድምፅ ግማሽ ያህል የእሱ ከፍ ብሏል። ሁለተኛውን ሞከርኩ፣ ሦስተኛውን፣ ሰባቱንም። ሁሉም እኩል ወጥተዋል። እኩል መሆናቸው ትንሽ ገርሞኛል።

ገመድ ፈትሻለሁ። ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ። ኦርጋን አይሳሳትም፤ ብረት ነው። እንግዲህ የቀረው አንድ ነው።

ምስኪን ጋሼ። እንዴት ሳልሰማው አለፍኩ? እጁን እጁን ስል ጆሮውን ረሳሁት።

ሐሙስ 20

ነገርኩት። ከቁርስ በፊት፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ። ለምን እንደቸኮልኩ አላውቅም።

«ጋሼ፣ የእሑዱ ጊታር ልክ አይደለም።»

«የቱ ጋ?»

«ሁሉም ጋ።»

ሣቀ። ቀልድ መሰለው። ጊታሩን አወጣ፤ ከእሑድ ወዲህ አልነካውም። «ላ» ሰጠሁት። ክሩን መታ። ሁለቱ ድምፆች ተጋፍተው ክፍሉ ውስጥ ተንቀጠቀጡ። የማያውቅ ሰው እንኳ ይሰማው ነበር። ደግሞ መታው። ሦስተኛ ጊዜም መታው።

«አንቺን ሰምቼ ነው እኮ የቃኘሁት» አለ።

«የሰማህ መስሎህ ነው።»

ይህን በዚህ ቃል ነው ያልኩት። ቀስ ብሎ ጊታሩን ጉልበቱ ላይ አስተኛው። «እንግዲህ ዳኛ ካለች አለች» ብሎ ፈገግ አለ፤ በጥርሱ ብቻ። ከዚያ ክሮቹን ፈታታቸውና ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ አልጋው ሥር ገፋው።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ሐኪምም ይናገራል።

ቅዳሜ 22

ጊታሩን በኮምፒዩተር ዝቅ ለማድረግ ሞከርኩ። ዝቅ ይላል፤ ግን ጣቱ ይጠፋል። በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚጫወት ይመስላል። ለጋሼ «ይስተካከላል» አልኩት። «ተይው፣ አትድከሚ» አለኝ። ሌላው ጊዜ ቢሆን ይከራከረኝ ነበር።

የቀሩትን ሁለት ዜማዎች እንቅዳ ብለው እጁን አሳየኝ። እጁ ግን ዛሬ ደህና ነበር።

ማክሰኞ 25

መድኃኒት ቤት። ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ሰው እየሰማ፣ «ወንድምሽ ጆሮው ተበላሸ አይደል? አይ እርጅና!» አለችኝ። ለማን ነግሬ ነው እሷ ጋ የደረሰው? ለእሷ ራሷ ነዋ። ሻይ ስንጠጣ። አፌ አያርፍም።

ማታ ጋሼ የታሸገ ፖስታ ሰጠኝ። «ፖስታ ቤቱ መሥሪያ ቤትሽ አጠገብ አይደል? ጣይልኝ።» ለትምህርት ቤቱ ነው። ምን ጻፍክላቸው አልኩት።

«አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ አልኳቸው።»

«ለምን?»

«እጄን ነግሬያቸው ነው የጠሩኝ። ጆሮዬን ልነግራቸው አፈርኩ። የሰው ልጅ አምኖ ሲቀመጥ በምን ጆሮዬ ነው ልክ ነህ፣ ልክ አይደለህም የምለው?»

 ላቅፈው ብዬ ነበር፤ ሳህን አነሣሁ።

ሐሙስ 27

ፖስታው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሥራ በዝቶ ነው። ነገ።

ዓርብ 28

ረሳሁት። ነገ።

እሑድ 30

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ በዚህ ቤት አሁን ሁለት ሆንን።

መብራት ጠፍቶ ዋለ። ጋሼ ጸጉሩን ሊቆረጥ ወጣ። አናጺው የደረሰበት ትዕዛዝ ስላለ እሑድም ይሠራል፤ ጄኔሬተሩ በርቶ ነበር። ኬብሉን ስጠኝ ብዬ ኦርጋኑን ሰካሁ፤ እንዲሁ ጣቴን ላፍታታ ብዬ። የተቀዳውን የጋሼን ጊታርም በጆሮ ማዳመጫው ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ቁልፍ ነካሁ።

ገጠመ።

ጥፍ ብሎ ገጠመ። ሁለተኛዋን ዜማ ከፈትኩ፤ ገጠመ። አምስተኛዋን። እየተጫወትኩ ሳለ ከግንቡ ወዲያ መጋዙ ጮኸ፤ ወዲያው ኦርጋኔ እንደ ደከመ ሰው ወረደ። ሙሉ ቁልፉ፣ ሁሉም ድምፅ፣ እጄ ሳይነሣ ወረደ። መጋዙ ሲቆም ተመልሶ ወጣ። ጊታሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሞተሩ ነው። ሞተሩ የሚሮጠው መብራቱ በሚሮጥለት ልክ ነው። የአናጺው ጄኔሬተር መጋዝ ሳይኖርበት ይፈጥናል፣ ኦርጋኔም አብሮ ይፈጥናል። ያን እሑድ እኔ ነበርኩ ከፍ ያልኩት። ጋሼ ተከትሎኝ ወጣ፤ እንደ ሁልጊዜው፣ በጆሮው፣ ሳይሳሳት።

እንዴት ይህን ሁሉ ዓመት አላወቅኩም? አሁን ሳስበው፣ ዘፋኛችን አንዳንድ ምሽት «ዛሬ ከፍ ብሎብኛል» እያለ ሲነጫነጭ ሰክሮ ነው እንለው ነበር። ሆቴሉ በጄኔሬተር ያደረባቸው ምሽቶች ነበሩ። እኔ ስወጣ ሁሉም ተከትሎኝ ይወጣል፤ ማን ከማን ጋር ያስተያያል? የራሴን ሰባት ባላጠፋ ኖሮም በማግሥቱ ይታየኝ ነበር። ንጹሕ ይሁን ብዬ ምስክሩን አጠፋሁ።

ጋሼ ጸጉሩን ተቆርጦ ገባ። «እንዴት ነኝ?» አለ። «ሙሽራ» አልኩት። ነገ እነግረዋለሁ። ዛሬ እንግዳ ነገር እንዳይሆንበት።

ሰኞ 1

አልነገርኩትም። ከሥራ አመሸሁ።

ረቡዕ 3

ዛሬ ቤት ስገባ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሠርቶ፣ ወጥ ሠርቶ፣ ጠረጴዛ አሰናድቶ ጠበቀኝ። ስንበላ ስለ ባንዱ ሰዎች እያወራን እንባ እስኪወጣን ሣቅን። እንዲህ ያለ ማታ መቼ አይቼ ነበር? ይህን ምን ብዬ ላበላሸው?

ደግሞም ገና ጊዜ አለ። እስከ አሥራ አምስት።

ሐሙስ 4

አናጺው ጥፍርና መዶሻ ይዞ መጣ። ጋሼ ነው የጠራው። ጊታሩን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው። «ለጌጥ» አለ።

አናጺው ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ከተሰቀለ በኋላ እያወረዱ ይጫወቱበታል?»

«አይ፣ በደንብ ምታው።»

እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ መዶሻውን እሰማለሁ። 

ቅዳሜ 6

መንገድ ሲሻገር ሦስት ጊዜ ዞሮ ያያል። ጥሩንባ እንዳያመልጠው ይሆን? ማንጎራጎር አቁሟል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲላጭ ሲያንጎራጉር የነበረ ሰው ዝም ብሎ ይላጫል።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ክኒኑን እሰጠዋለሁ፣ እንቅልፍ እንዴት ነበር እለዋለሁ።

ሰኞ 8

ይህን መጻፍ አልፈልግም። ግን እጽፈዋለሁ።

ጠዋት ለሥራ ስነሣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስምንት ብርጭቆ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ውስጥ ውሃ አለ፤ አንዱ ሙላት፣ አንዱ ጎደል፣ አንዱ እፍኝ። ጋሼ በፒጃማው ቆሞ ማንኪያ ይዟል።

«ዳኛ፣ አንዴ ስሚልኝ» አለ። ከግራ ወደ ቀኝ መታቸው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ እስከ ላይ። ከዚያ ማንኪያውን ደረቱ ላይ ይዞ አየኝ። እንዲህ ያየኝ የለም፤ ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ እንጂ ታላቅ ወንድሜ አይመስልም ነበር። «ልክ ናቸው?»

ልክ ነበሩ። አንዱም አልሳተ። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በውሃ፣ በባዶ ጆሮ።

«ረፍዶብኛል ጋሼ፤ ማታ እሰማዋለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ማታ ስመለስ ብርጭቆዎቹ ታጥበው መደርደሪያቸው ላይ ተገልብጠዋል። እሱም አላነሣውም፣ እኔም አላነሣሁም።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? እውነቱን ልጻፈው። ከነገርኩት ይሄዳል። ይኸው ነው። ብርዱ አይደለም፣ ደረጃው አይደለም፣ ክኒኑ አይደለም። ከሄደ ቤቱ መልሶ ዝም ይላል። ወንድሜን በገዛ ጆሮው አስሬ አስቀምጬዋለሁ።

ረቡዕ 10

ፈቃድ ወስጄ ከሥራ ቀረሁ። አናጺውን መጋዝህን ለግማሽ ቀን አቁምልኝ አልኩት፤ ለምን እንደሆነ ስነግረው አፉን ከፈተ። «እንዴ እትዬ! ይሄማ የኔ ጄኔሬተር ጥፋት ሊባል ነው!» አለ። ያንተ አይደለም አልኩት።

ከዚያ ጋሼን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ሞተሩን፣ ጎማዎቹን፣ ዘፋኙን። መጀመሪያ ላጽናናው የምዋሽ መሰለው። «ተይ እስቲ፣ ለኔ ብለሽ የኦርጋንሽን ስም አታጥፊ» አለኝ።

«እንግዲያው አንተው ፍረድ» አልኩት።

ኦርጋኑን በአናጺው ኬብል ላይ ሰካሁ። አናጺው የሰጠኝን የእንጨት ስንጣሪ «ላ» ላይ ሸጎጥኩት፤ ቁልፉ ተጭኖ ቀረ፣ ድምፁ ሳይቋረጥ ይወጣል። ጋሼ የራሱን የእሑድ ጊታር በማዳመጫ እየሰማ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። እኔ በዝናብ ወጥቼ ከአናጺው ጋር ጄኔሬተሩ ላይ ተጎነበስኩ። ፍጥነቱን የሚያስተካክል አንዲት ብሎን አለችው፤ መጀመሪያ ሆነ ብዬ አወረድኩት። አሁን በመፍቻ ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ ማውጣት ያዝኩ።

«ገና ነሽ!» ብሎ ከውስጥ ጮኸ። ድምፁ የድሮው ነበር። «ጨምሪ! አሁንም! ቀስ በይ፣ ቀስ... አለፍሽ! ተመለሽ! ትንሽ፣ ከትንሽም ትንሽ...»

የዝናቡና የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«በቃ! እዚያው ላይ ቁሚ!»

በሕይወቴ ለጊታር ተቃኝቼ አላውቅም። በስድሳ ሁለት ዓመቴ፣ ጫማዬ ውሃ ሞልቶ፣ መፍቻ ይዤ ተቃኘሁ።

ገብቼ ሰባቱንም ተጫወትኩ። ጋሼ እጁን አጣምሮ ይሰማል። ሦስተኛዋን ስድስት ጊዜ አስደገመኝ። «ትበቃለች፣ ግን አትጥምም» ይለኛል እየሣቀ። ጊታሩን ከግድግዳው አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ባይጫወትበትም ያሻሸዋል።

ስንጨርስ አንገቱን ደፋ። «ደስ ብሎኛል» አለ። «ያቺ ደብዳቤ ብቻ ባልሄደች።»

ቦርሳዬን ከፍቼ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ጠርዙ ተጨማድዷል።

በመጀመሪያ ፊቱ በራ። «ዳኛ! አንቺ እኮ!» ብሎ ብድግ አለ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ማሰብ ሲጀምር ይታየኛል።

«የኦርጋኑን ነገር መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ጸጉርህን የተቆረጥክ ዕለት።»

በጣቱ ቆጠረ። ከአሥር ጣቶች አላለፈም።

«የብርጭቆዎቹ ጠዋት ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ልክ ነበሩ?»

«አዎ ጋሼ። ሁሉም።»

ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፖስታውን ከአራት ቀደደው፤ ቁርጥራጮቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሻንጣው ሲከፈት ሰማሁ።

ሐሙስ 11

በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደ። አምፕሊፋየሩን ትቶታል፤ ሁለቱን ጊታር ይዟል። አናጺው እስከ መናኸሪያ ሸኘው፤ እኔን አልጠራኝም። የአንድ ወር ክኒኑን በየቀኑ ከፋፍዬ ኪሱ ከትቻለሁ፤ አልመለሰውም።

ይቅርታ ብዬዋለሁ። ሰምቷል። 

ሰኞ 15

ስልክ የለም።

ወፍጮውን ከወጥ ቤት አወጣሁ። ፍራሹን ከመስኮቱ አነሣሁ። ዛሬ የደረቀ ዳቦ ጣልኩ።

ሐሙስ 18

ሰባቱን ዜማዎች አዘጋጅቼ ላክሁለት። አንዱንም ሙከራ አላጠፋሁም፤ የሦስተኛዋን ዜማ አምስቱን የሳትኩባቸውን ሙከራዎች ጭምር።

ሰኞ 22

መድኃኒት ቤት፣ ወረፋው መሐል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ስልኩን ዘረጋችልኝ። «ወንድምሽ ነው፤ ደህና ይሰማል እንዴ?» አለች። ስልኩን ተቀበልኳት።

ጋሼ ነው። ድምፁ ሩቅና ቁጡ። ደህና ነህ ወይ አልኩት። ደህና ነኝ አለ። ደረጃው አልኩት። ደረጃ ደረጃ ነው አለ። ልጆቹ ስምንት ናቸው፤ ሁለቱ ጎበዝ፣ አንዷ በጣም ጎበዝ። ስለ ዜማዎቹ ምንም አላነሣም፤ እኔም አልጠየቅኩም። መድኃኒት የሚጠብቁት ሰዎች ያዩኛል። ሊዘጋው ነው ብዬ ስፈራ ቀጠለ።

«ፒያኗቸው ወርዷል።»

«ማን?»

«የትምህርት ቤቱ ፒያኖ። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ። መቃኛ ሰው ጥሩ ብያቸው ዛሬ ጠሩ።»

አፌን ከፍቼ ጠየቅኩት፤ ልማድ ነው። «ከምን ጋር አስተያይተኸው ነው?»

የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት።

«ከምንም ጋር» አለኝ ጋሼ።